ገበያው ሳይበተን

ውድ ታረቀኝ፣

ይህን ወረቀት ስትከፍት መጀመሪያ ዓይንህ የሚሄደው ከታች ወዳለው ስም ይመስለኛል። ስሜን አይተህ መልሰህ ብታጥፈው አልፈርድብህም። ግን በእሷ ይዤሃለሁ፣ በልጄ በየኔአለም፣ እስከ መጨረሻው አንብበው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ እጄም ብዕር ከመያዝ ይልቅ ድንች ማውጣት ነው የለመደው። አንዱን ገጽ ለመሙላት አንድ ጠዋት ይፈጅብኛል። የምጽፈው መሲ ትምህርት ቤት ከሄደች በኋላ፣ አንተ የሠራኸውን በር ተደግፌ ነው። በሩ ዛሬም አልተጣመመም። ክረምት ላይ ብቻ እንጨቱ ያብጥና ይይዛል፤ በትከሻ ገፋ ሲያደርጉት ይከፈታል።

ሙጃሂድ ስልክ ቁጥርህን ሰጥቶኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ሃሎ» ስትል ዘጋሁት። ድምፅህ አልተለወጠም። የምነግርህን ነገር ግን በስልክ ማውጣት አልሆነልኝም። ሙጃሂድ ሐሙስ የጭነት መኪናውን ይዞ ወደ ጅማ ይወርዳል፤ በእጅህ እንዲሰጥህ አስምዬዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሠርጉ ልንገርህ። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ጅማ ድረስ ይሰማ እንደሆነ አላውቅም፤ እዚህ ግን ከመስቀል ወዲህ ሌላ ወሬ የለም። የራስ ቢተው ዘር የሆነ፣ ውጭ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው «በአያቶቼ አገር ካልሆነ አላገባም» ብሎ ማርቆስ መጥቶ በተክሊል ሊያገባ ነው። ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ ነው የተባለው። የራስ ቢተውን ነገር አንተም እኔም ስንሰማ ነው ያደግነው፤ ከነጋሢ ቤት ተወልደው ይህን ደጋ ሁሉ የገዙ ሰው። ስለዚህ ሙሽራውን በስሙ የሚጠራው የለም። ሕዝቡ «ልዑሉ» ነው የሚለው። ልጆች እንኳ ኳስ ሲጫወቱ አንዱ ልዑል ይሆንና ሌሎቹ ይሸከሙታል።

ባለፈው ወር ከማርቆስ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የሰማሁትን ብነግርህ ትስቃለህ። ስትስቅ ማየት ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህንንም ነግሬህ አላውቅም።

«በሄሊኮፕተር ነው የሚመጣው። ስታዲየሙን እያጸዱ ነው» አለ ረዳቱ።

«ኧረ በበቅሎ ነው! አያቱ በበቅሎ አይደል ወይ የገቡት» አለች ከኋላ ሽንኩርት የታቀፈች ሴት።

«ውጭ አገር ያደገ ሰው በቅሎ ላይ አውጥታችሁ፣ ሙሽሪትን ገና ሳትዳር ባልቴት ልታደርጓት ነው?» አለ ሹፌሩ። መኪናው ሁሉ ሳቀ።

ሙሽሪትንማ ያልዳራት የለም። አንዱ ፈረንጅ ናት ይላል፤ ሌላው የጎንደር ልጅ ናት ይላል። አንድ ሽማግሌ «የቁይ ልጅ ናት፤ አባቷን አውቀዋለሁ፣ ጤፍ ነጋዴ ነው» ብለው በማርቆስ ስም ማሉ። በሳምንቱ ያው ሽማግሌ የደምበጫ ልጅ ናት ብለው ሲምሉ ሰማኋቸው። የጀማለዲን ሱቅ ነጭ ጨርቅ አለቀበት፤ ያልተጠራው ሁሉ ልብስ አሰፋ። አስፋልቱ ከሠርጉ በፊት እዚህ እኛ ሮብ ገበያ ይደርሳል ተባለ፤ እስካሁን የደረሰው አንድ ክምር ጠጠር ነው፤ ዶሮ ተኝታበታለች። መብራትም ሦስት ቀን ሙሉ አይጠፋም ተባለ። ይህችን እንኳ ማንም አላመነም።

ከዚያ ከማርቆስ የሠርጉ ኮሚቴ መጣ። የራስ ቢተው ዘር የሆነ ሁሉ በየገበያው ቀን ቀርቦ ይቆጠር፣ ሽማግሌ ከመሰከረለት ስሙ ይጻፍና ካርድ ይሰጠው፤ ካርድ የያዘ ድንኳን ውስጥ ከልዑሉ ዘመዶች ጋር ይቀመጣል አሉ። ከተቆጠሩት ቤቶች ደግሞ አሥራ ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች ይመረጡና በሙሽሪት ፊት አበባ እየበተኑ ይሄዳሉ።

ይህን መሲ ሰማች።

መሲን አይተሃት አታውቅም። ሰባት ዓመቷ ነው። ቁመቷ የእናቷ ነው፤ ስታስብ አፏን በአንድ በኩል የምታጣምመው ግን ያንተ ነው። አበባ በታኝ ካልሆንኩ አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በመስኖው ድንች መሀል ትገባለች። ድንቹ አብቦ ነበር። ነጩንና ሐምራዊውን አበባ ቀጥፋ በነጠላዬ ጫፍ ትይዝና በትልሙ መሀል ቀስ እያለች ትራመዳለች፤ ሦስት እርምጃ ሄዳ ትበትናለች፣ ሦስት እርምጃ ሄዳ ትበትናለች። «እማማ፣ ፈጠንኩ?» ትለኛለች። «አልፈጠንሽም» እላታለሁ። ከበተነች በኋላ ተመልሳ አበባዋን ትለቅማለች፤ ለነገ እንዳያልቅባት።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሮብ ዕለት ይዣት ሄድኩ። ኮሚቴው ከገበያው ዳር ባሕር ዛፉ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቷል። አንድ ወጣት ጸሐፊ፣ አንድ መሪጌታ፣ በመሀላቸው አያ ገዳሙ። አያ ገዳሙን መቼም አትረሳቸውም። አርጅተዋል፤ ዘር ሲቆጥሩ ግን ዛሬም በከዘራቸው መሬት እየጫሩ ነው፣ በየትውልዱ አንድ ጭረት። እኔን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ይቺንማ ጠይቄ ልቆጥር ነው? ራስ ቢተው ሥራነሽን ወለዱ፣ ሥራነሽ ወለተ ኪዳንን ወለደች፣ ወለተ ኪዳን ተገኘን ወለደች፣ ተገኘ ማንጠግቦሽን ወለደ። ጻፍ ልጄ፣ ጻፍ!»

ካርዱን ሰጡኝ። ወርቅማ ጽሑፍ አለው፤ ስሜ በላዩ ላይ አለ። በሕይወቴ ስሜ በወርቅ ተጽፎ አይቼ አላውቅም። ዋሽቼ አልነግርህም፣ ደስ አለኝ።

«ይቺስ ልጅ?» አለ ጸሐፊው። «አባቷ ማን ነው?»

ካርዴን አገላበጥኩ። አያ ገዳሙም ከዘራቸውን አነሡ። ያኔ ከሰልፉ ኋላ አንዲት ሴት ጮክ ብላ፣ «እሷማ ከሁላችንም ትበልጣለች! በእናቷም በአባቷም የራስ ዘር ናት። ሁለት ካርድ ስጧት እንጂ!» አለች። ሰልፉ ሁሉ ፈነዳ። ከሩቅ የነበሩትም ምን ተባለ እያሉ ተቀባበሉትና እንደገና ተሳቀ።

መሲ ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ በደስታ በርቷል። «ሁለት ልትሰጡኝ ነው?» ብላ እጇን ለጸሐፊው ዘረጋች። ሁለቱንም እጇን፣ ታረቀኝ።

ጸሐፊው ራሱ አፈረ። መሪጌታው ግን በቀስታ፣ «እመት፣ በዘመድ መካከል የተወለደች ልጅ በሙሽራ ፊት አበባ ብትበትን ለገዱም አይሆን፤ ይቅርባት» አሉኝ። እኔ ካርዴን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ልጅቷን ጎትቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ደጃፍ ስንደርስ፣ «እማማ፣ ሁለት ይገባታል የተባለች ልጅ እንዴት አንድም አይሰጣትም?» አለችኝ።

መልሱን አውቀው ነበር። አሁን ላንተ የምጽፈውም እሱን ነው።

አያቴ ወለተ ኪዳን ሊሞቱ ሰሞን እኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የማስታምማቸው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ወገባቸውን ሳሽላቸው፣ «እናቴን ሥራነሽን ራስ ቢተው አልወለዷትም» አሉኝ። በክፉው ቀን፣ ከብቱ ሁሉ ባለቀበትና ሰው በየመንገዱ በወደቀበት ዘመን፣ የራስ ቢተው ባለቤት እደጃቸው የሞተች ሴት አገኙ። ጎኗ አንዲት ሕፃን አለች። ሴትዮዋ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ እጇ ላይ ጭቃው አልለቀቀም ነበር ይባላል። ራስ ቢተው አውራ ጣታቸውን ማር ቀብተው ሕፃኗን እንደ ጡት አጠቧት፤ የጡት ልጅ አደረጓት። ሥራነሽ ያቺ ናት። በቤታቸው አደገች፣ በስማቸው ተጠራች፣ ተዳረች። ያወቁት ሞተው አለቁ፤ ዘር ቆጣሪም ወለዱ ብሎ ቆጠረ። አያቴ ይህን ነግረውኝ፣ «ለማንም እንዳትናገሪ፤ ሸክላ ሠሪ ከተባልሽ ውሃ የሚያቀብልሽ የለም» አሉኝ። አልተናገርኩም።

እንግዲህ አስብ። አንተ በአባትህ ወገን በእውነት የራስ ቢተው ዘር ነህ። የኔአለም ግን አይደለችም። አንድ ጠብታ የለባትም።

ሽማግሌ የላክህ ጊዜ፣ የዛሬ ሰባት ዓመት ተኩል፣ አያ ገዳሙ ቤቴ ተቀምጠው በከዘራቸው መሬት ሲጭሩ አንተ እዚህ በር አጠገብ ቆመህ ነበር። በሩን ከሠራኸው ገና ወር አልሞላውም ነበር። በአንተ በኩል አምስት ጭረት፣ በእሷ በኩል አምስት ጭረት። «በአምስተኛው ቤት ተገናኙ፤ ሰባት አልሞላም። ወንድምና እህት ናቸው» አሉ። አንተ ሽማግሌዎቹን አላየህም፤ እኔን ነው ያየኸኝ። ለምን እኔን እንዳየኸኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ምናልባት ስለምወድህ ይሆናል፤ በአፌ ባልናገርም ታውቀው ነበር። እኔ ግን መሬት መሬት አየሁ። ጭረቶቹን አየሁ። ከአሥሩ አንዷን፣ የሥራነሽን፣ በእግሬ ማጥፋት እችል ነበር። እግሬን ሰብስቤ ተቀመጥኩ።

ይባስ ብዬ፣ የኔአለም ማርገዟን አውቅ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ነግራኛለች።

ለምን ዝም አልሽ ብትለኝ፣ ክፉ ስለሆንኩ ነው ብዬ ብጨርሰው ይቀለኝ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። እኛ ድኻ ነን። ጎጇችንን ታውቃታለህ። ግን ሰንበቴ ላይ ከፍ ካለው ወንበር የምቀመጥ ነበርኩ። ምንጭ ስወርድ «የራስ ዘር ትቅደም» እያሉ ወረፋ ይለቁልኝ ነበር። ሌላ ያለኝ ነገር አልነበረም። ደግሞ ልጄ ቆንጆ ናት፣ ትረሳዋለች፣ ሌላ ይመጣላታል፣ ልጁም ሲወለድ ወሬው ይበርዳል አልኩ። ሰው የራሱን ነገር ሲያተርፍ ስንት ምክንያት ያገኛል!

አንተ በሳምንቱ አገሩን ለቀህ ሄድክ። የኔአለም ከቤት መውጣት ተወች። ሆዷ እየገፋ ሲሄድ ጓዳ ተቀምጣ ትፈትል ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «እማዬ፣ እውነት እህቱ ነኝ? አንቺ ስታይን እንደዚያ እንመስላለን?» አለችኝ። «እኔ ምን አውቄ፣ ሽማግሌ ነው የሚያውቀው» አልኳት።

ስለ ሞቷ ለአንተ የተነገረህ «በወሊድ» ተብሎ ነው። እውነት ነው፤ ግን ሙሉው አይደለም።

ምጥ የያዛት ሮብ ጠዋት ነው። ጤና ጣቢያው የት እንደሆነ ታውቃለህ፤ ከእኛ ቤት ሄደህ የምትደርሰው ገበያውን መሀል ለመሀል ሰንጥቀህ ነው። ገበያው ሞልቷል። ሰው ሁሉ እህሉን ትቶ እሷን ሲያይ፣ «የወንድሟን ልጅ ልትወልድ ነው» ሲል ታየኝ። «እንሂድ እማዬ» ስትል፣ «ትንሽ ታገሺ ልጄ፣ ገበያው ይበተን» አልኳት። ደግማ ጠየቀችኝ። ደግሜ ይበተን አልኳት። ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀችኝም። አሥር ሰዓት ሲሆን አራት ጎረቤቶች በቃሬዛ አወጧት። መንገዱ ላይ የቀረው ጭድና የጎመን ቅጠል ብቻ ነበር። ዓይኗን ገልጣ፣ «ተበተነ?» አለችኝ። «ተበትኗል» አልኳት። ከእሷ ጋር የተነጋገርነው የመጨረሻው ነገር ይኸው ነው። መሲ ተወለደች፤ የእናቷ ደም ግን አልቆም አለ። ወደ ማርቆስ ይዘናት ስንወርድ መንገድ ላይ አረፈች። ጠዋት ብትደርስ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር ያሉኝ አሉ፤ ላይሆንም ይችል ነበር ያሉኝም አሉ። እኔ የማውቀው ገበያው እስኪበተን መጠበቄን ነው።

በአርባዋ መጥተህ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆመህ እንደነበር አይቻለሁ። የዘመድ ኃጢአት አለብኝ ብለህ ቅጥሩን አልረገጥክም። ወጥቼ እጅህን ይዤ ላስገባህ ይገባኝ ነበር። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩት። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ በሙጃሂድ የምትልከውን ጫማ መሲ ታደርገዋለች፤ «ማን ገዛልኝ?» ስትለኝ እኔ ነኝ እላት ነበር። ይህንንም እወቅብኝ።

ከዚያ ሮብ በኋላ ስድስት ቀን አሰብኩ። መሲ ወደ ድንቹ መሀል መግባት ተወች፤ አበባው ዝም ብሎ ረገፈ። በሰባተኛው ቀን፣ ባለፈው ሮብ፣ ድንቼን በአህያ ጭኜ፣ ልጅቷን በእጄ ይዤ ገበያ ሄድኩ። ሆነ ብዬ በስድስት ሰዓት፣ ሰው ጢም ብሎ በሞላበት ሰዓት። ሰልፉን አልጠበቅኩም። ካርዱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ምነው ማንጠግቦሽ፣ ስምሽ ተሳሳተ?» አሉኝ አያ ገዳሙ።

«ስሜስ አልተሳሳተም፣ አያ። ዘሬ ነው የተሳሳተው። ሥራነሽ የራስ ቢተው የጡት ልጅ ናት። እናቷ በክፉው ቀን የሞተች ሸክላ ሠሪ ናት። እኔ የራስ ዘር አይደለሁም።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር የተናገርኩት። መጀመሪያ የቅርቡ ሰልፍ ዝም አለ፤ ከዚያ እህል ተራው፣ ከዚያ ጨው ተራው። አህያ ብቻ ነበር የሚሰማው።

«ታመሻል እንዴ አንቺ ሴት? ሰው ዘመድ ነኝ እያለ ይጋፋል፣ አንቺ ከንጉሥ ማዕድ ተነሥተሽ ጭቃ ላይ ትቀመጫለሽ?» አሉ አያ ገዳሙ።

«አልታመምኩም። እርስዎ ዘር አዋቂ ነዎት፤ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የራስ ቢተው ርስት ሲካፈል የስንት ልጆች ስም ተጠራ?»

ከዘራቸውን መሬት ላይ አሳረፉ። «የበኩር ልጃቸው መሳፍንት፣ አንድ... » እያሉ በልባቸው ቆጠሩ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አራት ጭረት ጭረው ቆሙ። አምስተኛዋን ሊጭሩ ከዘራውን አንሥተው አየር ላይ አቆዩት። ብዙ ጊዜ አቆዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ሥራነሽ አልተጠራችም» አሉ። «አባቴ ሲያስተምረኝ፣ እሷ ለምን ቀረች ብዬው ነበር። 'ዝም ብለህ ቁጠር' አለኝ። ዝም ብዬ ቆጠርኩ።»

መሪጌታው ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። «የጡት ልጅነት በእሷ ላይ ይቆማል፤ ከእሷ በታች ደም አይሆንም። እንዲህ ከሆነ ልጆቹ ዘመድ አልነበሩም። ጋብቻው የተፈቀደ ነበር።»

የተፈቀደ ነበር አሉ፣ ታረቀኝ። ይህችን ቃል ስሰማ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ።

«ታዲያ ያኔ ምነው ዝም አልሽ?» አሉኝ አያ ገዳሙ። የቁጣ አልነበረም፤ እንደ ሕፃን ነው የጠየቁኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ሸክላ ሠሪ እንዳልባል» አልኳቸው።

ያቺ ሁለት ካርድ ስጧት ያለችው ሴት ከሰልፉ ውስጥ ነበረች። ያን ዕለት አልሳቀችም፤ ሌላውም አልሳቀም። መሲን አስጠጋሁና፣ «የዚህች ልጅ አባት ታረቀኝ ነው፤ አናጢው። የራስ ዘር እሱ ነው። ልጅቷ በአባቷ ትቆጠር» አልኩ። መሲ እጄን ጨበጥ አደረገችኝ። የአባቷን ስም ስትሰማ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነው። በገበያ መሀል፣ ከጠረጴዛው ፊት ቆማ።

ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ፣ «እናቴ፣ ልጅ በአባት ወገን ከሆነ አባት ራሱ ቀርቦ ነው የሚያስመዘግበው። መዝገቡ የሚዘጋው ከጥምቀት በፊት ባለው የመጨረሻ ሮብ ነው» አለኝ። ስሟን ግን በእርሳስ ጻፈላት። መሲ ታረቀኝ ብሎ። እርሳስ እንደሆነ አየሁ፤ አንተ ካልመጣህ ይጠፋል።

ከዚያ ወደ ድንቼ ተመለስኩ። ሃያ ዓመት አብራኝ የምትሸጥ ሴት ጆንያዋን ሳብ አድርጋ ከጎኔ ራቀች። አልፈረድኩባትም፤ እኔም አደርገው ነበር። አንድ ኪሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ቆሜ ስጨነቅ፣ ከገበያው ጠርዝ እንስራና ድስት ከምትሸጠው ሴት ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ስንት ዓመት ሙሉ በአጠገቧ ሳልፍ ቀሚሴን ሰብስቤ ነበር የማልፈው። እንስራዎቿን ገፋ ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ከቤተ መንግሥት እስከ ሸክላ ተራ!» አለችኝ። «መንገዱ ሩቅ ነበር፤ ደክሞሽ ይሆናል፣ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ሳቅሁም አለቀስኩም። እሷ ሁለት ኪሎ ድንች ከእኔ ገዛች። መሲ አንዲት ትንሽ ድስት እየነካካች፣ «እማማ፣ ይህን የሚሠሩት በእጃቸው ነው?» ትለኝ ነበር።

የሠርጉ ወሬ ዛሬም አልቆመም። ትናንት ደግሞ ልዑሉ ሐሳቡን ቀይሯል፣ ሠርጉ አዲስ አበባ ሊሆን ነው ብለው መንደሩን አመሱት። ማታውኑ ውሸት ነው ተባለ። ይሁንም ይቅርም እኔ የምለምንህ ለልዑሉ ሠርግ ብለህ እንድትመጣ አይደለም። ሙሽሪት የቁይ ልጅ ትሁን የደምበጫ፣ ለእኔ አንድ ነው። ያንተና የየኔአለም ሠርግ ነው የቀረው፤ እሱን ማንም አይመልሰውም። ማንም ወሬ ያላወራለት፣ ማንም ነጭ ልብስ ያላሰፋለት ሠርግ። የምለምንህ የመሲ ስም በእርሳስ እንዳይቀር ነው።

ደግሞ ሌላም አለ። ስትመጣ ቅጥሩን ግባ። መቃብሯ ከግራሩ በስተቀኝ ነው፤ ቢጠፋህ መሲ ታሳይሃለች። ኃጢአት የለብህም። አልነበረብህምም። ኃጢአቱ የእኔ ነው፤ ንስሐ አባቴ ቀኖና ሰጥተውኛል፣ እየፈጸምኩ ነው። ይቅር በለኝ አልልህም። ያን ለመጠየቅ መጀመሪያ ፊትህን ማየት አለብኝ፣ ያኔ በጭረቶቹ ፊት እንዳየኸኝ፤ አሁን ግን መሬት መሬት አላይም።

እኔ ካርድ የለኝም። ሠርጉ ቀን መንገድ ዳር ከሕዝቡ ጋር ቆሜ አያለሁ። አንተ ድንኳኑ ውስጥ ትሆናለህ፣ ልጅህ ከሙሽሪት ፊት ትሆናለች። መሲ ትናንት እንደገና ወደ እርሻው ገብታ ነበር። የመጀመሪያው ድንች አበባው አልቋል፤ ኋላ የተተከለው መደብ ግን ገና እያበበ ነው። ሦስት እርምጃ ትሄድና ትበትናለች። «አባቴ ቢያይ ፈጠነች ይላል?» አለችኝ። እሱን ራሱን ጠይቂው አልኳት።

ከጅማ ተነሥተህ መቼ እንደምትደርስ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ማክሰኞ አትምጣ፣ ሐሙስም አትምጣ። ሮብ ና። ልጅህን ይዘን ከቤት እንወጣለን፤ አንተ በአንድ እጇ፣ እኔ በአንድ እጇ፣ መሀል ለመሀል ሰንጥቀን እንሄዳለን። ሰው ሁሉ ይየን። ገበያው ሳይበተን ድረስልኝ።

የየኔአለም እናት፣
ማንጠግቦሽ ተገኘ
ሮብ ገበያ፣ ታኅሣሥ